ዕቃው የት ጋ ነው የቆመው? የአንባቢዎች ጥያቄ ስለ ሰፕላይ ቼይን ሥራ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከድሬ ናቸው፣ ደስ ብሎኛል። ይሄን ሥራ፣ ዕቃን ከአቅራቢው እስከ ደንበኛው የማድረሱን ሥራ፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ባቡሩ ግን በኛ በር ነው የሚያልፈው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የምኖረው ሳቢያን ነው፣ እዚሁ ድሬ አንድ የፓስታና የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ አምስት ዓመት ሆነኝ፣ በሎጂስቲክስም ዲግሪ አለኝ። አሁን መሥሪያ ቤታችን ሲኒየር ሰፕላይ ቼይን ማናጀር ብሎ ክፍት ቦታ አውጥቷል። አጎቴ ግን "እሱ እኮ ያው የግዢ ኃላፊ ነው፣ ስሙን አሳምረውት ነው" ይለኛል። እውነት ልዩነት አለው? ቀኑን ሙሉስ ምን ሲሠራ ነው የሚውለው? ልወዳደር ወይስ ገና ነኝ?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አጎትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ብዙ መሥሪያ ቤት የግዢ ኃላፊውን ጠርቶ ማዕረጉን ቀይሮለት ሥራው ግን እንደነበረ ቀጥሏል፣ ስለዚ መጀመሪያ ማስታወቂያውን በደንብ አንብቢው። ተጠሪነቱ ለማነው ይላል? ከሥሩስ እነማን አሉ? ከሥሩ ግዢ ብቻ ካለ አጎትሽ ልክ ናቸው። ግዢውም ትራንዚቱም መጋዘኑም የምርት ዕቅዱም ስርጭቱም ከሥሩ ሆኖ ተጠሪነቱ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ከሆነ ግን ሌላ ሥራ ነው።

የግዢ ሰው "በስንት ገዛኸው?" ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ሰፕላይ ቼይን ማናጀር ግን ማሽኑ ለምን ቆመ፣ የጅግጅጋው ደንበኛ ለምን ባዶ መኪና ይዞ ተመለሰ፣ መጋዘን ውስጥ የስምንት ወር ካርቶን ተከምሮ ገንዘባችን ለምን ታሰረ ተብሎ ይጠየቃል፣ ሦስቱም በአንድ ጠዋት ሊመጡበት ይችላሉ፣ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ ሦስቱም ደግሞ እውነት አላቸው።

እስቲ አንድ ዕቃ ይዘን አብረን እንሂድ። ለናንተ ፋብሪካ የፓስታ ማሸጊያ ፊልም ከቻይና ታዘዘ እንበል። እስከ ጅቡቲ መርከብ ላይ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ነው፣ ከጅቡቲ ድሬ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ የተጫነ መኪና ቢበዛ በሁለት ቀን ይገባል። ታዲያ ከታዘዘበት ቀን እስከ መጋዘን ሦስት አራት ወር ለምን ይፈጃል? እኔ በዚህ ሥራ ላይ ሁሌም የማየው አንድ ነገር ነው፣ ዕቃ መንገድ ላይ ብዙ አይዘገይም፣ የሚቆመው ከአንዱ ሰው እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማው መጥቶ ፊርማ ይጠብቃል፣ ተፈርሞ ባንክ ሄዶ ወረፋ ይጠብቃል፣ ኤልሲው፣ ባንኩ ለሻጩ እከፍላለሁ ብሎ የሚገባው ሰነድ፣ ተከፍቶ ሰፕላየሩ "ይቺ ቃል ትስተካከል" ብሎ ማሻሻያ ይጠብቃል፣ ዕቃው ጅቡቲ ገብቶ ሰነዱ ገና ባንክ ነው፣ ሰነዱ ወጥቶ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው ትራንዚተር ውክልና ይጠብቃል፣ ጉምሩክ ተጨርሶ መኪና የለም፣ መኪናው ፋብሪካ በር ደርሶ ፎርክሊፍቱ ሌላ ሥራ ላይ ነው። የሲኒየሩ ሥራ እዛ መሃል ነው ያለው፣ እያንዳንዱ ርክክብ ላይ ማን ምን ይዞ እንደቆመ ማወቅና ሳይጮህ ቀድሞ ማስለቀቅ።

አንዱን በቅርበት ላሳይሽ። የዕቃው ዝርዝር ፓኪንግ ሊስቱ 1,250 ካርቶን ይላል፣ የመርከቡ የጭነት ሰነድ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ 1,205 ይላል። የጻፈው ሰው ጣት ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም። ግን በኤልሲ በተገዛ ዕቃ ላይ ባንኩ ወረቀቱን ነው እንጂ ዕቃውን አያይም፣ ዩሲፒ 600 የሚባለው ዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ ሰነዱን እንዲመረምር እስከ አምስት የባንክ ሥራ ቀን ይሰጠዋል፣ ልዩነት ካገኘ ዲስክረፓንሲ ብሎ ይይዘዋል፣ ከዛ እናንተ ተቀብለናል ብላችሁ እስክትጽፉ ወይ ሰፕላየሩ አርሞ እስኪልክ ይቆማል፣ በዚህ መሃል ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ነጻ ቀኑን እየበላ ነው፣ ነጻው ቀን ሲያልቅ የመዘግየት ክፍያው ዲመሬጅ በየቀኑ በዶላር ይቆጠራል። ሰነዱ ቢያልፍ እንኳ ያቺው ልዩነት ጉምሩክ ላይ ቀይ መስመር ታስገባችሁና ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ካርቶን በካርቶን ሊቆጠር ይችላል። ይሄ ሁሉ የሚድነው ሰፕላየሩ ኦሪጅናሉን ከመላኩ በፊት ድራፍቱን በኢሜይል እንዲልክ በማድረግ ነው፣ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱንና ቢል ኦፍ ሌዲንጉን ጎን ለጎን ዘርግተሽ ቁጥር በቁጥር፣ ክብደቱን፣ የቀረጥ ምድቡን ኤችኤስ ኮድ፣ የድርጅታችሁን ስም ፊደል ሳይቀር አይተሽ "አሁን ላክ" ማለት። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል ላልሽው፣ ብዙው ስልክ ነው። ከትራንዚተሩ፣ ከባንክ፣ ከሹፌሮች ስምሪት፣ ከፕሮዳክሽን ጋር ማውራት ነው፣ ግን የሚወራው "እንዴት ነው ነገሩ?" አይደለም፣ "ዛሬ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን ይገባል፣ በስንት ሰዓት?" ነው። ይሄን በትህትና ግን ሳትሰለቺ በየቀኑ መጠየቅ ከሰው ጋር የሚፈጠር ነገር አይደለም፣ ይለመዳል ግን።

ሌላው ከውጭ የማይታየው ሥራ ፎርካስት፣ የሚሸጠውን ቀድሞ መገመት ነው። ድሬ ላይ ተቀምጠሽ "አምና በዚህ ወር ስንት ሸጥን" ብለሽ ብቻ ካቀድሽ ትሳሳቻለሽ፣ ምክንያቱም ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል፣ የዓቢይ ጾም መግቢያም ከፋሲካ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ የፓስታና የዱቄት ገበያ ደግሞ ረመዳን ሊገባ ሲል ከቀፊራ ገበያ ጀምሮ እስከ ሶማሌ ክልል ድረስ አንድ ላይ ይነሳል። ማሸጊያው አራት ወር የሚፈጅ ከሆነ የረመዳኑ ማሸጊያ መታዘዝ ያለበት ማንም ስለ ረመዳን በማያስብበት ሰዓት ነው። ገበያው ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፣ ቸርቻሪው እንዳይጎድልበት እጥፍ ያዛል፣ አከፋፋዩ የሱን አይቶ ሦስት እጥፍ፣ ፋብሪካው ይሄን እውነተኛ ፍላጎት አድርጎ ለሰፕላየር ይልካል፣ በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም መጋዘን ሞልቶ ቁጭ። የስታንፎርዱ ሃው ሊና ባልደረቦቹ በ1997 ቡልዊፕ ብለው የጻፉት ይሄንኑ ነው፣ እነሱ ካገኟቸው ምሳሌዎች አንዱ የሕፃናት ዳይፐር ነበር፣ የሕፃን ቁጥር እኮ በአንድ ወር እጥፍ አይሆንም፣ ትዕዛዙ ግን ይዋዥቅ ነበር። ስለዚ ከአከፋፋዩ ትዕዛዙን ብቻ ሳይሆን በእጁ ያለውን ስቶክ ጠይቂው።

የተሳካ ሰንሰለት ማየት ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ፣ አወዳይ አለልሽ። ጫት ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ለጊዜው እንተወውና ሥራውን ብቻ እይው፣ የተቀጠፈው ቅጠል በሁለት ቀን ውስጥ ዋጋ ያጣል፣ ስለዚ ቀጣፊው፣ አሳሪው፣ ጫኙ፣ አይሱዙ ነጂውና ጅግጅጋ ላይ የምትቀበለው ሴትዮ ሁሉም የሚያወሩት በሰዓት ነው፣ አንዱ ቢዘገይ ቀጣዩ ወዲያው ያውቃል፣ መኪናው ሲደርስ ተቀባይ ያልቆመበት ቦታ የለም። እኛ ፋብሪካዎቹ በወር የምናወራውን እነሱ በሰዓት ያወራሉ።

ልወዳደር ወይ ላልሽው፣ ተወዳደሪ። ስቶር ኪፐር መሆንሽን እንደ ዝቅተኛ ቦታ አትይው፣ ሌላው ተወዳዳሪ የሌለው ነገር እጅሽ ላይ አለ፣ የዕቃ መግቢያና መውጫ መመዝገቢያው ቢን ካርድና የገቢ ደረሰኙ። ከነዛ ላይ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዋና ዋና ዕቃዎች አውጪ፣ ከግዢ ክፍል ደግሞ የታዘዘበትን፣ ኤልሲ የተከፈተበትን፣ የተጫነበትንና ጅቡቲ የገባበትን ቀን ጠይቂና በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጪው። የትኛው ርክክብ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆም ራሱ ይናገራል። ያንን ይዘሽ ኢንተርቪው ግቢ። ቦታው ባይሰጥሽ እንኳ ያንን ወረቀት ያየ ሥራ አስኪያጅ ስምሽን አይረሳውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ፣ እኔ ፕሮኪዩርመንት ኦፊሰር ነኝ። የፕሮዳክሽን ማናጀሩ ዕቃ አለቀ ብሎ ይጮሃል፣ ፋይናንስ ደግሞ ስቶክ በዛ ገንዘብ ታሰረ ይላል፣ በሁለቱ መሃል መፈናፈኛ አጣሁ። ስንት ነው መያዝ ያለብን?

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱም የሚጮሁት ቁጥር ስላልተሰጣቸው ነው። ቁጥሩን አንተ ስጣቸው።

ለምሳሌ የማሸጊያ ፊልም በቀን በአማካይ 400 ኪሎ ትጠቀማላችሁ፣ ሥራ በበዛበት ቀን 500፣ ዕቃው በአማካይ በ75 ቀን ይገባል፣ በጣም ሲዘገይ በ105 ቀን እንበል። በአማካዩ ሲሰላ 400 በ75 ሲባዛ 30,000 ኪሎ ነው፣ ክፉው ሁሉ ባንዴ ቢመጣ ደግሞ 500 በ105፣ 52,500 ኪሎ። የሁለቱ ልዩነት 22,500 ኪሎ የመጠባበቂያ ስቶክህ ነው፣ ስቶክህ 52,500 ላይ ሲደርስ አዲስ ትዕዛዝ መውጣት አለበት። የበለጠ የተራቀቀ ስሌት አለ፣ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሠራ፣ ግን ለመጀመር ይሄ ይበቃል፣ ሁለቱም ኃላፊዎች ቁጭ ብለው ሊከተሉት ይችላሉ።

አሁን ዋናው ነገር መጣልህ። በጣም የዘገየው ቀን ከ105 ወደ 85 ቢወርድስ? 500 በ85፣ 42,500 ነው፣ መጠባበቂያው 12,500 ሆነ ማለት ነው፣ 10,000 ኪሎ ፊልም ቀነሰ። ማሽኑም አይቆምም ፋይናንስም ገንዘቡን አገኘ። ዋጋ ተከራክረህ ሁለት ፐርሰንት ከማስቀነስ ይሄ ይበልጣል፣ የመጣው ደግሞ ያቺን ሃያ ቀን የት እንደምትቆም ፈልጎ በማስለቀቅ ነው። አማካዩ እኮ አልተነካም፣ መዋዠቁ ብቻ ነው የቀነሰው፣ መጋዘን የሚሞላው መዋዠቅ ነው።

ይሄን ስሌት ግን ለሁሉም ዕቃ አትሥራ፣ ትሰለቻለህ። ገንዘቡን የሚበሉትና ሲያልቁ ማሽን የሚያቆሙት ጥቂት ናቸው፣ በነሱ ጀምር። ቴፕና ገመድ ከአሸዋ ገበያ በአንድ ሰዓት ይመጣል፣ ለምን ትከምረዋለህ። የድሬን ሙቀትም አትርሳ፣ ማጣበቂያ ያለው ሌብል ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲከርም ጠርዙ ላይ ሙጫው ይወጣና ጥቅል ከጥቅል ይጣበቃል፣ ማሽን ላይ ሲገባ ይበጠሳል፣ ኦፕሬተሩ ማሽኑ ነው ይላል። እርሾና ቅባትም እንደዛው። ለነዚህ ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ ኤክስፓየር የሚያደርገው ቀድሞ ይውጣ፣ ከተቻለ ትዕዛዙን ከፋፍለህ አስመጣ፣ በተለይ ከግንቦት በኋላ ለሚደርሰው።

ለፋይናንሱ ሰውዬ ደግሞ አንድ ነገር ጨምርለት። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ትዕዛዝ ስትሰጥ የነበረበትና ስትከፍል የሚሆንበት ዋጋ አንድ አይደለም፣ ቀረጡም የሚሰላው ዕቃው ከነማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ወደ ብር ተመንዝሮ ነው፣ ቫቱም 15 ፐርሰንቱ ከዛ ላይ ይመጣል። ስለዚ የዕቃውን የመጋዘን ዋጋ በትዕዛዙ ቀን ምንዛሪ ብቻ አስልታችሁ የመሸጫ ዋጋ ካወጣችሁ የምትጎዱት በኋላ ነው። በየወሩ አብራችሁ ከልሱት፣ ሴልስም ይኑርበት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። መጋላ ሱቅ አለኝ፣ የቤት ዕቃና ጎማ አስመጣለሁ። ልጆቼ በባቡር ይሻላል ይሉኛል፣ እኔ የለመድኩት መኪና ነው። ነጻ ቀጠና የሚባለውስ ለኔ ይጠቅማል?

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም ሐጂ። እርስዎም ልጆችዎም ልክ ናችሁ፣ እንደ ዕቃው ነው። ባቡር የሚመቸው ኮንቴይነሩ ሙሉ ሲሆን፣ ቁጥሩ በርከት ሲልና ቀኑ ቀድሞ ሲታወቅ ነው። ጎማዎ በዓመት ሁለት ሦስቴ በብዛት የሚመጣ ከሆነ በባቡር ያስጠይቁ። አዲሱ ጣቢያ ግን እንደ ድሮው ከዚራ መሃል አይደለም፣ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ስለዚ ከጣቢያው እስከ መጋዘንዎ ያለውን የክሬንና የመኪና ዋጋ ደምረው ነው ከመኪናው ጋር የሚያወዳድሩት፣ ብዙ ሰው የባቡሩን ዋጋ ብቻ ይዞ ረከሰ ይላል። ባዶውን ኮንቴይነር ጅቡቲ የሚመልሰው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሆነም በጽሑፍ ይያዙ፣ የኮንቴይነር መያዣ ገንዘብ ሳይመለስ የሚቀረው እዛ ላይ ነው። የተቀላቀለና የተቻኮለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ መኪና፣ የድሬዳዋ ደወሌ የክፍያ መንገድ ካለ ወዲህ ጉዞው ቀሏል።

ይሄ ክርክር ከከተማችን ጋር የተወለደ ነው ሐጂ። የድሮው ባቡር ሊሄድ የታሰበው ሐረር ነበር፣ ተራራው ለሐዲድ አልመች ሲል ከሥር ቆላው ላይ ቀረ፣ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ ደረሰ፣ ድሬዳዋም ከዛ በቀለች። ሐረሮች የቀረውን መንገድ በእንስሳ ነበር የሚያመላልሱት። ያኔም ሐዲዱ ካለቀበት ወዲህ ያለው ጉዞ ነበር ወጪው፣ አሁንም እሱ ነው።

ነጻ የንግድ ቀጠናው በነሐሴ 2014 እዚሁ ድሬ ተመረቀ፣ በሀገራችን የመጀመሪያው ነው። ዋና ጥቅሙ ዕቃው ቀጠናው ውስጥ እስካለ ድረስ ቀረጥ አለመከፈሉ ነው፣ ወደ ሀገር ውስጥ ገበያ ሲያወጡት ነው የሚከፍሉት። አንድ ሱቅ ብቻዎን ላይመችዎ ይችላል፣ ግን እዛ መጋዘን ካለው አስመጪ በትንሽ በትንሹ መግዛት ይቻል እንደሆነ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ሆነው ሄደው ይጠይቁ። አምስት ኮንቴይነር ጎማ ቀረጡን ባንዴ ከፍሎ ከማስቀመጥ ሲሸጥ እየከፈሉ ማውጣት ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ፣ ሲአይፒኤስ ልማር ወይስ ሲኤስሲፒ?

መልስ፦ ሁለቱም የሙያ ሰርተፍኬት ናቸው። ሲአይፒኤስ የእንግሊዞች ነው፣ ወደ ግዢና ውል ያደላል፣ ዕርዳታ ድርጅቶች በብዛት ይጠይቁታል። ሲኤስሲፒ የአሜሪካኖቹ ነው፣ ድሮ ኤፒክስ ይባል የነበረው ማኅበር የሚሰጠው፣ ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል፣ ለፋብሪካ እሱ ይሻላል። ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚከፈሉት፣ ስለዚ መጀመሪያ መሥሪያ ቤትህ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቅ። እስከዛ ኤክሴል በደንብ እወቅ፣ የዓለም አቀፍ ሽያጭ ውል ቃላቱን ኢንኮተርምስ 2020ንም ጥንቅቅ አድርገህ ያዝ፣ ከነሱ ውስጥ ኤፍኦቢና ሲኤፍአር ላይ የዕቃው ኃላፊነት የት ጋ ወደ አንተ እንደሚዞር የማያውቅ ሰው ሰርተፍኬት ቢኖረውም ይታወቅበታል።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ገና ነው፣ ግዢ ክፍል ነኝ። አንድ የካርቶን አቅራቢ ለዓረፋ ስልክ ልኮልኛል፣ አዲስ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት። ባለቤቱ እናቴን ያውቃታል፣ ብመልስ ይቀየማል። ጓደኞቼ "አቦ ያዘው፣ ሁሉም ይቀበላል" ይላሉ።

መልስ፦ መልሰው ልጄ። አንተ ከሱ ምንም እንዳልፈለግክ አምንሃለሁ፣ ጥያቄው ግን እሱ አይደለም። በሚቀጥለው ወር ካርቶኑ ሳስቶ ይመጣና ፓስታ ተደርድሮበት ከታች ያለው ይጨፈለቃል፣ ጥራት ክፍሉ ይመለስ ይላል፣ ያኔ ደውለህ "ጭነቱን አልቀበልም" ማለት ያለብህ አንተ ነህ። ስልኩ ኪስህ ውስጥ እያለ ያንን ቃል በሙሉ ድምፅ ማለት ይከብድሃል፣ እሱም ይሄን ስለሚያውቅ ነው የላከው። ብትለውም ደግሞ ሌላው አቅራቢ ስለ ስልኩ ከሰማ ጨረታችሁ ላይ መጥቶ ዋጋ አይሰጥም፣ አንድ አቅራቢ ብቻ ይቀራችኋል።

የእናትህ ነገር ገብቶኛል፣ እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው የሁሉም ዘመድ ነው። ስለዚ በሰው አትላከው፣ ራስህ ይዘህ ሂድ፣ ሻይ አብራችሁ ጠጡ፣ ዒድ ሙባረክ በለው፣ መሥሪያ ቤቱ አይፈቅድልኝም በለው። ከመሄድህ በፊት ግን ስልኩ መምጣቱንና መመለስህን በአጭር ማስታወሻ ለቅርብ ኃላፊህ ጽፈህ ቀኑን አድርገህ አስፈርም፣ አንዱን ኮፒ አንተ ጋ አስቀር።